«የተጣራ» የሚለው ቃል በወይራ ዘይት ላይ፤ ስለ ደረጃው፣ ስለ ወጥ ቤት አገልግሎቱና ስለ ንግዱ

ዛሬ በአማርኛ «ዘይት» የሚለው ቃል ከኑግ፣ ከሰሊጥ፣ ከሱፍና ከፓልም ለሚገኘው ሁሉ፣ ለሞተር ማለስለሻም ሳይቀር፣ የወል ስም ሆኗል። በግእዝ ግን የቃሉ ቀዳሚ ፍቺ ወይራ ነው፤ ዛፉንም፣ ፍሬውንም፣ ከፍሬው የሚወጣውን ቅባትም ይጠራል። ደብረ ዘይት ማለት የወይራ ተራራ ማለት መሆኑ ለዚህ በቂ ምስክር ነው። ዕብራይስጥ ወይራን «ዛይት»፣ ዓረብኛ ዘይቱን «ዘይት» ይላል፤ እስፓኛውያንም ቃሉን ከዓረብኛ ተቀብለው የምግብ ዘይትን ሁሉ «አሴይቴ» ይሉታል። እንግዲህ «የወይራ ዘይት» ስንል፣ በሥረ ቃሉ ከታየ፣ «የወይራ ወይራ» እንደ ማለት ነው።

ከቃል የጀመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ሌላ አንድ ቃል ሲሆን እርሱም «የተጣራ» የሚለው ነው። በአገራችን የምግብ ዘይት ገበያ «የተጣራ» ምስጋና ነው፤ «ያልተጣራ» ደግሞ ጥርጣሬ ያዘለ፣ ከመንደር መጭመቂያ የወጣ፣ አተላ የሚያስቀምጥ ዘይት ማለት ነው። በወይራ ዘይት ዘንድ ይህ ሚዛን ይገለበጣል። የላይኛው ደረጃ በፋብሪካ ያልተጣራው ነው፤ የተጣራው ጉድለቱ እንዲሸፈንለት ወደ ፋብሪካ የተላከው ነው። የኑግና የፓልም ገበያ ያስተማረውን መለኪያ ይዞ ወደ ወይራ ዘይት መደርደሪያ የሚቀርብ ገዥ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ያላሰበውን ዕቃ ይዞ ይመለሳል። ይህ እንዴት እንደ ሆነ ለመረዳት ዘይቱ ከፍሬው የሚወጣበትን መንገድ ማየት ያስፈልጋል።

ከፍሬው እስከ ደረጃው

አብዛኞቹ የምግብ ዘይቶች የሚወጡት ከደረቅ ዘር ነው። ዘሩ በመጋዘን ወራት ሊቆይ ይችላል፤ ዘይቱም በብዙ ፋብሪካዎች በኬሚካል ማሟሚያ ተጎትቶ ይወጣና ይጣራል። የወይራ ዘይት ግን የሚገኘው ከእርጥብ ፍሬ ሥጋ በመሆኑ፣ ከዘር ዘይት ይልቅ ለብርቱካን ጭማቂ ይቀርባል። በሜዲትራኒያን አገሮች ፍሬው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ይለቀማል፤ ከነፍሬ አጥንቱ ይፈጫል፤ ሊጡ ጥቃቅኑ የዘይት ጠብታ እርስ በርሱ እስኪያያዝ ድረስ በዝግታ ይታሻል፤ ከዚያም በከፍተኛ ፍጥነት በሚሽከረከር ዕቃ ዘይቱ ከውሃውና ከገለባው ይለያል። ከጅምሩ እስከ መጨረሻው ሙቀቱ ከ27 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ከሆነ በጠርሙሱ ላይ «በቅዝቃዜ የወጣ» ተብሎ እንዲጻፍ የአውሮፓ ሕግ ይፈቅዳል። አንድ ሊትር ለማግኘት ወደ 5 ኪሎ ግራም ገደማ ፍሬ ያስፈልጋል፤ ገና አረንጓዴ ሳለ ከተለቀመ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል።

ጭማቂ ነው ማለት ፍሬው ላይ የደረሰው ሁሉ በዘይቱ ላይ ይነበባል ማለት ነው። ወይራው ከዛፍ ወድቆ መሬት ላይ ከሰነበተ፣ በጆንያ ታፍኖ ከጋለ ወይም ዝንብ ከበላው፣ በውስጡ ያለው ስብ መሰባበር ይጀምራል። ሲሰባበርም ነጻ የሰባ አሲድ ይለቀቃል፤ የዚህ አሲድ መጠን የዘይቱን ደረጃ ከሚወስኑት መለኪያዎች የመጀመሪያው ነው። ኤክስትራ ቨርጂን የሚባለው የላይኛው ደረጃ ከ0.8 በመቶ፣ ተከታዩ ቨርጂን ከ2 በመቶ መብለጥ የለበትም። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ፤ ብዙ ሰው በጠርሙሱ ላይ «አሲድነት 0.3» የሚለውን ሲያነብ ስለ ኮምጣጣነት የተነገረ ይመስለዋል። ይህ አሲድ ግን በምላስ አይታወቅም፤ የሚናገረው ፍሬው ምን ያህል በጥንቃቄ እንደ ተያዘ ነው።

ቀሪው ፍርድ የምላስና የአፍንጫ ነው። በአውሮፓ ከእ.ኤ.አ. 1991 ጀምሮ፣ በላቦራቶሪ ያለፈ ዘይት ሁሉ በሠለጠኑ ቀማሾች ጉባኤ ፊት እንዲቀርብ ሕግ ወጥቷል። ከ8 እስከ 12 የሚሆኑ ቀማሾች ዘይቱን ወደ 28 ዲግሪ ሞቆ፣ ቀለሙ እንዳያሳስታቸው በጨለማማ ብርጭቆ ተቀድቶ ይቀምሱታል። የታፈነ፣ የሻገተ፣ የኮመጠጠ ወይም የከረፋ ሽታ መኖር አለመኖሩን እያንዳንዱ ለብቻው ይመዘግባል። ከእነዚህ ጉድለቶች አንዱ እንኳ በመካከለኛ ውጤቱ ከታየ ዘይቱ ኤክስትራ ቨርጂን መባሉ ይቀራል። በአንጻሩ ሦስት ጠባዮች እንደ መልካም ይቆጠራሉ፤ የፍሬ መዓዛ፣ ምሬትና ጉሮሮን የሚቆነጥጥ ማቃጠል። የመጨረሻውን ብዙ አዲስ ተጠቃሚ የብልሽት ምልክት አድርጎ ይወስደዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ግን ማቃጠሉን የሚያመጣውን ንጥረ ነገር ለይቶ ኦሊዮካንታል ሲል ሰይሞታል፤ አሠራሩም የአይቡፕሮፌን መድኃኒትን እንደሚመስል አሳይቷል። ጉሮሮ ላይ የሚቆነጥጥ ዘይት እንግዲህ ትኩስና ጤናማ ፍሬ የወጣለት የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

ከ2 በመቶ በላይ አሲድ ያለው ወይም ሽታው የከፋው ዘይት «ላምፓንቴ» ይባላል፤ የመብራት ዘይት ለማለት ነው፤ ቀድሞ ለኩራዝ ይውል ስለ ነበር። ዛሬ ለመብራት አይውልም፤ ወደ ማጣሪያ ይሄዳል። አሲዱ በአልካሊ ይወገዳል፣ ቀለሙ ይነጻል፣ ሽታው በእንፋሎትና በከፍተኛ ሙቀት ይባረራል። ከዚያ የሚወጣው ለምግብ የማይጎዳ፣ ግን መዓዛም ጣዕምም የሌለው ፈሳሽ ነው። ጥቂት ቨርጂን ይጨመርበትና ቅጽል ሳይኖረው «የወይራ ዘይት» ተብሎ ይሸጣል። አንዳንድ አምራቾች ይህንኑ ድብልቅ «ፒዩር» ወይም «ላይት» የሚል ስም ይሰጡታል። «ፒዩር» ንጹሕ ማለት እንደ መሆኑ አማርኛ አንባቢ የላይኛው ደረጃ መስሎት ቢገዛው አይፈረድበትም። «ላይት»ም ቅባቱ የቀለለ ማለት አይደለም፤ የቀለለው ቀለሙና ጣዕሙ እንጂ በማንኪያው ውስጥ ያለው ካሎሪ ከሌላው ጋር እኩል ነው።

በመጨረሻ ፖማስ አለ። እኛ ከኑግ የሚተርፈውን ፋጉሎ እንደምንለው፣ ከወይራው ተጨምቆ የሚተርፈው ገለባና የፍሬ አጥንት በስፓኛ ኦሩሆ ይባላል። በውስጡ የቀረችው ጥቂት ዘይት በሄክሴን ታሟሙታ ትወጣለች፤ ትጣራለች፤ ከቨርጂን ትደባለቃለች። ሕጉ ይህን በደፈናው «የወይራ ዘይት» ብሎ መሸጥን ይከለክላል፤ «የወይራ ፖማስ ዘይት» ተብሎ መጻፍ አለበት። ከዚያ በኋላ የተረፈው ደረቅ ገለባና አጥንት ለማገዶ ይውላል፤ በአንዳሉስያ ብዙ ቤቶችና ፋብሪካዎች የሚሞቁት በተሰባበረ የወይራ አጥንት ነው። ከዚህ ፍሬ የሚጣል የለም ማለት ይቻላል።

በወጥ ቤት

ስለ ወይራ ዘይት በጣም ከሚነገሩት ነገሮች አንዱ «እሳት አይነካውም፤ ለሰላጣ ብቻ ነው» የሚል ነው። ይህ አባባል ዘይቱ በተወለደበት አካባቢ ካለው ልማድ ጋር አይስማማም። በደቡብ እስፓኛ ዓሣ በዱቄት ተለውሶ የሚጠበሰው፣ በቀርጤስ አትክልት የሚበስለው በዚሁ ዘይት ነው። ኬሚስትሪውም ከልማዱ ጋር ይስማማል። ዘይትን በእሳት ላይ በፍጥነት የሚያበላሸው ብዙ ድርብ ትስስር ያላቸው የሰባ አሲዶች መብዛት ነው። የወይራ ዘይት ከ55 እስከ 83 በመቶ የሚሆነው ኦሌይክ አሲድ ነው፤ ይህ አሲድ አንድ ድርብ ትስስር ብቻ ስላለው ሙቀትን ይታገሣል። ያልተጣራው ደግሞ በውስጡ የቀሩት ፊኖሎች ይጠብቁታል። የምግብ መጥበሻ ሙቀት በአብዛኛው ከ160 እስከ 180 ዲግሪ ሲሆን ጥሩ ኤክስትራ ቨርጂን መጨስ የሚጀምረው ከዚያ በላይ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው «ይጎዳል ወይ?» መሆኑ ቀርቶ «ይገባል ወይ?» ቢሆን ይሻላል። ለመዓዛው ተብሎ ሁለትና ሦስት እጥፍ የተከፈለበት ዘይት በበርበሬና በቁሌት ውስጥ ሲበስል የተገዛበት መዓዛ ይጠፋል። ለምስር ወጥ ኤክስትራ ቨርጂን መጨመር ኃጢአት አይደለም፤ ብክነት ግን ነው። ድብልቁ «የወይራ ዘይት» ወይም ሌላ የተለመደ ዘይት ለዚያ ይበቃል። ኤክስትራ ቨርጂን ዋጋውን የሚያወጣው ሳይበስል ወይም ከእሳት ከወረደ በኋላ ሲገባ ነው። የጾም ገበታችን ለዚህ ሰፊ ቦታ አለው፤ አዚፋ፣ የቲማቲም ፍትፍት፣ የድንች ሰላጣ፣ ከምድጃ የወረደ ጎመን ላይ ዘይቱ በጥሬው ይታወቃል። ሰናፍጭና ቃሪያ ከወይራው ማቃጠል ጋር ይዛመዳሉ፤ ይህን የምለው ከራሴ ማዕድ ተነሥቼ እንጂ ከጥናት አይደለም።

አያያዙም ከአወጣጡ ይከተላል። ጭማቂ እንደ መሆኑ በዕድሜ አይሻሻልም፤ ወይን ጠጅ እንደሚያረጅ አያረጅም። ብርሃን፣ ሙቀትና አየር ጠላቶቹ ናቸው። ጠቆር ያለ ጠርሙስ ወይም ቆርቆሮ ከነጭ ብርጭቆ ይመረጣል፤ ከምድጃ አጠገብ ማስቀመጥም ዕድሜውን ያሳጥራል።

ሌላም መነሣት ያለበት ነገር አለ። የአገራችን ሸማች ፓልምን «የሚረጋ ዘይት» እያለ ስለ ለመደ መርጋትን ሁሉ የዝቅተኛነት ምልክት አድርጎ ያያል። የወይራ ዘይትም በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይደፈርሳል፤ ነጭ ፍርፋሪ መሳይ ነገርም ይታይበታል። ይህ በውስጡ ያሉት ሰምና ጠጣር ስቦች ሥራ ሲሆን ሲሞቅ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ብልሽት አይደለም። የዚያኑ ያህል «ማቀዝቀዣ ውስጥ ከረጋ እውነተኛ ነው» የሚለው ፈተናም ዋጋ የለውም፤ የሚረጋ ሌላ ዘይት መቀላቀል ለአታላይ ቀላል ነው።

ዕቃውና ጽሑፉ

በሮም ከተማ ሞንቴ ቴስታቾ የሚባል 35 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ኮረብታ አለ። የተሠራው ከአፈርና ከድንጋይ ሳይሆን ከተሰበረ የሸክላ እንስራ ነው። ከአንደኛው እስከ ሦስተኛው ምእተ ዓመት ከዛሬው አንዳሉስያ የወይራ ዘይት የጫኑ፣ እያንዳንዳቸው ወደ 70 ሊትር የሚይዙ እንስራዎች በወንዙ ወደብ ተራግፈው፣ ባዶው ዕቃ የዘይቱ ሽታ ስለማይለቀው ተሰብሮ እየተቆለለ ነው ኮረብታው የተወለደው። ለታሪክ አጥኚ ዋናው ነገር ስብርባሪው ላይ ያለው ጽሑፍ ነው፤ የባዶው ዕቃ ክብደት፣ የዘይቱ ክብደት፣ የነጋዴው ስም፣ የተቆጣጣሪው ፊርማና ዘመኑ በቀለም ተጽፎ ይገኛል። ዘይት ከሚመረትበት አገር ርቆ መሸጥ ከጀመረ አንሥቶ ገዥው የሚያምነው ፈሳሹን ሳይሆን ጽሑፉን እንደ ነበረ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

በዚያው ዘመን ዘይቱ እኛም ዘንድ ደርሷል። በአንደኛው ምእተ ዓመት በግሪክኛ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መምሪያ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል የሎዶቅያንና የኢጣልያን ወይን ጠጅ፣ እንዲሁም የወይራ ዘይትን ይቆጥራል፤ ብዛቱ ግን ጥቂት መሆኑን ያክላል። በደጋው ወይራ ሞልቶ ሳለ ዘይቱ በመርከብ መምጣቱ አያስገርምም። የእኛ ወይራ የዚያው ዝርያ የቅርብ ዘመድ ቢሆንም ፍሬው ትንሽ፣ ሥጋው ስስ ነው። አባቶቻችን ከእርሱ የፈለጉት ዘይት ሳይሆን ጢሱን ነው፤ የወተት ዕቃና የጠላ ጋን ይታጠንበታል፤ ጭራሮው ለመፋቂያ ይሆናል።

ዛሬ ከዓለም ትልቁ አምራች እስፓኛ ነው፤ ከእርሷም የኃኤን አውራጃ ብቻ ከ60 ሚሊዮን በላይ የወይራ ዛፍ አለው። ምርቱ በአንድ አካባቢ እንዲህ ሲሰበሰብ የዚያ አካባቢ ድርቅ የዓለም ድርቅ ይሆናል። በእ.ኤ.አ. 2022/23 የምርት ዘመን የእስፓኛ ምርት ከተለመደው 1.3 ሚሊዮን ቶን ገደማ ወደ 665 ሺህ ቶን ወረደ፤ በ2024 መጀመሪያ የኤክስትራ ቨርጂን ዋጋ ከአምራቹ በር ላይ በኪሎ ወደ 9 ዩሮ ተጠጋ። ሌላው የንግዱ ገጽታ የቱኒዝያ ነው። ይህች አገር ከታላላቅ አምራቾች አንዷ ሆና ሳለ አብዛኛውን ዘይቷን በጅምላ ለኢጣልያና ለእስፓኛ ትሸጣለች፤ እዚያ ከሌላው ጋር ተዋሕዶ፣ በሌላ ስም ታሽጎ ይወጣል። በፈሳሹና በስሙ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት የሚቀረው ጠርሙሱን በሞላው እጅ ነው። ቡናን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ዋጋው ስምን የተከተለ እንደ ሆነ ማታለሉም ስምን ይከተላል። ተራው ዘዴ የሱፍ ዘይትን በክሎሮፊልና በቤታ ካሮቲን አቅልሞ መሸጥ ነው። ረቀቅ ያለው የሰባ አሲዱ ስብጥር ከወይራ ጋር የሚቀራረበውን የሃዝልነት ዘይት መቀላቀል፣ ወይም ጉድለት ያለበትን የወይራ ዘይት በመጠነኛ ሙቀት ሽታውን አባርሮ እንደ ኤክስትራ ቨርጂን ማቅረብ ነው። ላቦራቶሪዎች ይህን ለመከታተል የስቴሮል ልኬት፣ የአልትራቫዮሌት ብርሃን አመጣጠጥና በማጣራት ጊዜ ብቻ የሚፈጠሩ ውሕዶችን ይፈልጋሉ።

ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው የገዥው ኪስ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በእስፓኛ የሆነው ግን ከዚያ ያለፈ ነበር። ለፋብሪካ ሥራ ብቻ እንዲውል ታስቦ፣ ሰው እንዳይበላውም አኒሊን የተጨመረበት፣ ከጎመንዘር ወገን የሚወጣ የሬፕሲድ ዘይት ነበር። ነጋዴዎች አኒሊኑን ያስወጣል ባሉት መንገድ አጣሩትና ምልክት በሌለው የፕላስቲክ ዕቃ ሞልተው፣ የወይራ ዘይት ነው እያሉ በየሰፈሩ አዞሩት። ወደ 20,000 የሚጠጋ ሰው ታመመ፤ ከ300 በላይ ሞተ፤ ብዙዎችም ከዕድሜ ልክ የጡንቻና የነርቭ ሕመም ጋር ቀሩ። ከተጎጂዎቹ አብዛኞቹ ርካሽ ዘይት የሚፈልጉ የሠራተኛ ቤተሰቦች ነበሩ። ዘይቱ የተጣራ ነበር፤ ግን ምን ተጣርቶ እንደ ሆነ የሚናገር ጽሑፍ በዕቃው ላይ አልነበረም። ዛሬ በአውሮፓ የወይራ ዘይት ለሸማች የሚሸጠው ከ5 ሊትር በማይበልጥ፣ አንዴ ከተከፈተ መልሶ በማይታሸግ ዕቃ ነው፤ ለቨርጂን ዘይቶችም የትውልድ አገር መጻፍ ከእ.ኤ.አ. 2009 ጀምሮ ግዴታ ሆኗል።

ስለ ሳሙናም አንድ ቃል ልጨምር። በናብሉስ፣ በሐለብና በማርሴይ የወይራ ዘይት ሳሙና ከምግቡ ያልተናነሰ ንግድ ነበር። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1688 የወጣው የንጉሥ ድንጋጌ የማርሴይ ሳሙና ከወይራ ዘይት በቀር በሌላ ስብ እንዳይሠራ አዝዟል። እዚህም ሕግ የተጠራው ስምን ለመጠበቅ ነው።

የእኛ መደርደሪያና የኑግ ዘይት

በአዲስ አበባ ትልልቅ መደብሮች ኤክስትራ ቨርጂን፣ ፒዩርና ፖማስ ጎን ለጎን ይቆማሉ። የዕቃቸው ቅርጽና የወይራ ቅርንጫፍ ሥዕላቸው ተመሳሳይ ነው፤ ደረጃውን የሚናገሩት ቃላት በእንግሊዝኛ፣ በኢጣልያንኛ ወይም በዓረብኛ ናቸው። ለጥብስ የሚፈልግ ሰው ፖማስን አውቆ ቢገዛ ምንም ነቀፋ የለበትም። የሚነቀፈው ለጤናው ብሎ፣ ወይም ለሕፃን ገላ ማሻ ብሎ፣ የመጀመሪያው ደረጃ መስሎት ሲገዛው ነው። በዕቃው ላይ የሚለጠፈው የአማርኛ ጽሑፍ «የወይራ ዘይት» ከማለት አልፎ «ያልተጣራ»፣ «ከተጣራ የተደባለቀ»፣ «ከፋጉሎ የወጣ» የሚሉትን ሦስት ልዩነቶች ቢለይ የገዥው ድካም ይቀል ነበር።

ከወይራው ዘይት የምንወስደው ዋናው ትምህርት ግን በእኔ አስተያየት ለኑግ ነው። ኑግ የዚህ ደጋ ተክል ነው፤ ዘሩ ከ30 እስከ 40 በመቶ ዘይት ይይዛል፤ የራሱ መዓዛ አለው፤ እንደ ወይራም ሳይጣራ ይበላል። ሆኖም አንዱ ያለመጣራቱ ማዕረግ ሲሆንለት ሌላው ያለመጣራቱ ነውር ሆኖበታል። ለዚህ ከፊል ምክንያቱ ተፈጥሮ ነው፤ የኢትዮጵያ ኑግ ዘይት 70 በመቶ ገደማ ሊኖሌይክ አሲድ በመሆኑ ከወይራ ይልቅ ፈጥኖ ይከረፋል፤ ለረጅም መንገድና ለረጅም መደርደሪያ አይመችም። ከፊሉ ግን የሥርዓት ጉዳይ ነው። ትኩስና ከአንድ ማሳ ዘር የተጨመቀውን፣ ዘሩ ሲሞቅ ያረረበትን፣ አሮጌ ዘር የተቀላቀለበትንና ፓልም የገባበትን አራቱንም ገበያው በአንድ ስም «የኑግ ዘይት» ብሎ ይጠራቸዋል። ገዥው መለየት ስላልቻለ ለሁሉም የሚከፍለው የመካከለኛውን ዋጋ ነው፤ በጥንቃቄ የጨመቀው ሰውም ድካሙ አይከፈለውም።

የወይራ ዘይት ቀማሾች ከጉድለት ስም ነው የጀመሩት፤ ታፍኗል፣ ሻግቷል፣ ኮምጥጧል፣ ከርፍቷል። የኑግ ጨማቂዎችና እናቶቻችን የዚህ ዓይነት ቃላት አላቸው፤ ዘይቱን በመዳፋቸው አሽተው፣ አሽትተው «አርሯል»፣ «ቆይቷል»፣ «ሌላ ነገር ገብቶበታል» ይላሉ። እነዚህን ቃላት ከጭማቂ ቤቶች መሰብሰብ፣ እያንዳንዱን ከላቦራቶሪ ልኬት ጋር ማገናኘትና ሠልጥነው በአንድ ድምፅ የሚፈርዱ ቀማሾችን ማዘጋጀት በአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው። የምግብ ሳይንስና የቋንቋ ትምህርት ክፍሎች በአንድነት ቢይዙት ደግሞ ይበልጥ የሚቀና ይመስለኛል፤ ከሁለቱ አንዱ ብቻውን ዘይቱን ሳይቀምስ፣ ሌላውም ቃሉን ሳይመዝን ይቀራልና።